መካከለኛው ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ቤታችን መጣች። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጭቃ ጫማዋን ውጦት ስለነበር ደጃፍ ላይ ቆማ በስንጥር ትፍቀዋለች። እንደዚህ የሚጠነቀቅ ልጅ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ዛሬ የሰው ቤት ሲገባ ጫማውን የሚያይ የለም። ግቢ ልጄ ብዬ ወንበር ሰጠኋት።

ከጥናት መሥሪያ ቤት መምጣቷን ነገረችኝ። የቤተሰብ ገቢ ነው የሚጠይቁት። ያገሩን ቤት ሁሉ ከድሃው እስከ ሀብታሙ በሰልፍ ብናቆመው መሀል ላይ የሚቆመውን ቤት ነው የምንፈልገው አለች፤ ያ ቤት በየዘመኑ ከፍ ይል እንደሆነ፣ ዝቅ ይል እንደሆነ ለማየት። ታብሌቷን አዙራ አንድ መስመር አሳየችኝ። ከግራ ተነስቶ እየተንጠራራ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ እዚህም እዚያም እንደ ቀጨኔ መንገድ ጎበጥ ይላል እንጂ ይወጣል።

«ይኸውልዎ እናቴ፤ ይኼ በደርግ ጊዜ የተጠየቀው ነው፣ ይኼ ደግሞ ያሁኑ። መካከለኛው ቤተሰብ እያደገ ነው።»

እኔ የግራውን ጫፍ ነበር የማየው። መካከለኛ የሚለውን ቃል ስሰማ አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ፤ ሊያስመልሰኝ ሲል የሚመጣው ዓይነት ምራቅ። ይባስ ብሎ የልጄ ሚስት ሕይወት ከጓዳ ብቅ አለችና አልጋ ላይ የተከመረውን ልብስ ባንሶላ ሸፈነች፤ ከቡፌው የእንግዳ ብርጭቆ ማውጣት ጀመረች። ባጠገቤ ስታልፍም ጎንበስ ብላ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ እማማ፣ እኔ እመልሳለሁ አለችኝ። 

ሕይወት ምን አጠፋች፤ ደህና ልጅ ናት። እሷ የማታውቀው ያንን የግራውን ጫፍ ነው።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ቀጨኔ ነበር፤ ከመድኃኔዓለም ወደታች በሚንሸራተተው ቀጭን መንገድ። መንገድ ማለት ያው ለስሙ ነው፤ ክረምት ወንዝ ነው፣ በጋ አቧራ። ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ ሸክማቸው የግራና የቀኙን ግድግዳ እየጠረገ ስለሚያልፍ ሰፈሩ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ከዚያ ቤት ከወደድኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

አባዬ ሸማኔ ነበር። መስኮቱ ሥር ጉድጓድ ነበረችው፤ እግሩን እዚያ ከትቶ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ይውላል። እማዬ ትፈትላለች፤ የተሠራውንም ኩታ ሽሮ ሜዳ ወስዳ የምትሸጠው እሷ ናት። ገቢ የሚባለው ነገር እኛ ቤት እንደ ዝናብ ነበር። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰው ልብስ ሲገዛ ይወርዳል፤ ከዚያ ሰማዩ ይዘጋና ቂጣና ጎመን እየበላን ደመና እንጠብቃለን። የወር ገቢያችሁ ስንት ነው ቢሉን መዋሸት ቀርቶ እውነቱን ለመናገር እንኳ አናውቀውም። ወር ምናችን ነው? እኛ የምናውቀው ኩታ አልቆ መሸጡንና አለመሸጡን ነው።

እኔ ጡቴ ያጎጠጎጠ ሰሞን አባዬን ሳል ያዘው። መጀመሪያ የጥጡ ብናኝ ነው አልን። ከዚያ ጋቢው ላይ ደም አየን። ሆስፒታል ያዩት ሐኪም ሳምባ ነው፣ ተኝቶ መታከም አለበት አሉ። ገንዘብ የሌለው ሰው በነፃ የሚታከመው ደግሞ ከቀበሌው «ይህ ሰው ድሃ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያመጣ ነው። እንግዲህ የአባዬ እስትንፋስ በዚያች ማኅተም ላይ ተንጠለጠለ።

ማኅተሙን የያዘውን ሰው ስሙን አልጠራውም። ልጆቹ አሉ፤ እነሱ ምን አጠፉ። ጓድ ሊቀመንበር ነበር የምንለው። እማዬ ስንት ቀን ደጁ እንደተቀመጠች እግዜር ያውቃል። ዛሬ ስብሰባ ነው፣ ነገ ዘመቻ ነው፣ ከነገ ወዲያ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ የለም። እንዲህ ሲያመላልሳት ከርሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ቤቱ ጠበበ። አልተቀመጠም።

ከጥናት መሥሪያ ቤት ሰዎች ሐሙስ እንደሚመጡ ነገረን። የያንዳንዱን ቤት ገቢና ምግብ ይጠይቃሉ፤ ዕጣ ሲወጣ ከኛ መንገድ የደረሰው ለኛ ቤት ነው። ወረቀታቸው ወደ ላይ፣ ወደ ትልልቆቹ ነው የሚሄደው። ቀበሌያችን ተለውጧል መባል አለበት፣ ድሮና ዘንድሮ መለየት አለበት አለ።

«እኔ ወረቀቱን እሰጥሻለሁ አስካለ፤ አንቺ ደግሞ አታዋርጂኝ። ቤትሽን አሰማምሪ፣ ደህና ነገር አቅርቢ። እሱንም» አለ በአገጩ ወደ አባዬ እያመለከተ፣ «ለዚያች ለግማሽ ቀን ዞር አድርጊው። ደም የሚተፋ ሰው እንግዳ ፊት አይቀመጥም።»

አባዬ እዚያው መደቡ ላይ ተኝቶ ይሰማል። ሰውየው እንደ ተቀመጠ ዕቃ ነበር ያመለከተበት።

«ወረቀቱስ መቼ ነው ጓድ?» አለች እማዬ።

«በማግስቱ ነይ። ማኅተሙ ያንቺ ነው።»

እንግዲህ አስቡት፤ ድሃ ነሽ የሚል ወረቀት ለማግኘት፣ ድሃ አይደለሁም ብላ መታየት ነበረባት። አሁን ስጽፈው ቂልነት ይመስላል። ያኔ ግን ሌላ በር አልነበረም።

ደግሞ ልንገራችሁ፤ እማዬ እንግዳ መቀበል የምታውቀው ባንድ መንገድ ብቻ ነበር። በኛ ሰፈር ሴት ልጅ ያለው ቤት ሽማግሌ ሲላክበት ሰፈሩ ሁሉ ያለውን ያውሳል። ካንዱ ወንበር፣ ካንዱ ምንጣፍ፣ ካንዱ ብርጭቆ። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል፤ ያንኑ ብርጭቆ ባለፈው ወር ሌላ ቤት ጠጥተውበታል። አንድም ሰው አይታለልበትም። ገመና መሸፈን ነው እንጂ ውሸት አንለውም። እነዚህ ሐሙስ የሚመጡት ግን የሚጽፉ እንግዶች ነበሩ። የሚጽፍ እንግዳ አይተን አናውቅም። ልዩነቱን ማን ይንገረን?

እና ሰፈሩ እንደ ልማዱ ተነሳ። ግድግዳ የምትጋራን እትዬ ወርቅነሽ፣ ጉሊት ቲማቲም የምትቸረችር፣ ምላሷ ከቃሪያዋ የሚብስ ሴት፣ የወርቅ ቅብ ጠርዝ ያላቸውን ብርጭቆዎቿን በጉያዋ አቅፋ መጣች። የዘነበችን ሽማግሌዎች ነው ወይስ የመንግሥትን ሽማግሌዎች ነው የምንቀበለው ብላ ሳቀችብን፤ ዘነበች እኔ ነኝ። ስታስቀምጣቸው ደግሞ ዓይኗ ማድጋው ሥር የምትጫጫረው ደሮ ላይ አረፈ።

«ሐሙስ መሆኑ ነው የጎዳሽ አስካለ» አለች። «ረቡዕ ቢመጡ ጾም ነው ብለሽ ሽሮ ታቀርቢላቸዋለሽ፤ እሷም ነፍሷ ትተርፍ ነበር።»

ደሮዋ የአባዬ ነበረች። እንቁላሏን እማዬ በትኩስ ወተት እየመታች ታጠጣው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሆዱ የሚቀበለው እሱን ብቻ ነው። ሌላ ምን አለን? ሥጋ በዱቤ የሚሰጥ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ደሮዋን የሚያርድ ወንድ ጠፋ። ሴት ደሮ አታርድም፤ የጎረቤት ወንዶች ሁሉ ሥራ ሄደዋል። እማዬ ደሮዋን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ስታይ አባዬ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። ጋቢውን አደግድጎ ተንበረከከ፤ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ቢላውን ሣር ላይ እየጠረገ «ሐኪሜን አረድኩት» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ደሮዋ አጠገቡ ስትፈራገጥ ሁለቱም እኩል ነው ጸጥ ያሉት።

ከዚያ እኔና እትዬ ወርቅነሽ ደግፈን እሷ ቤት ወሰድነው፤ ከኛ በጭቃ ግድግዳ ብቻ ወደሚለየው ክፍል። እማዬ ጉድጓዷን በሳንቃ ከድና ምንጣፍ አነጠፈችባት።

የመጡት ሁለት ነበሩ። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣትና ጸጉሯን አፍሮ ያበጠረች ልጅ። ጥሩ ሰዎች ይመስሉ ነበር፤ አልዋሽም። ጓድ ሊቀመንበር ከፊታቸው ገብቶ የቤቱ ባለቤት ይመስል ተቀመጡ አላቸው። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ ዞርኩ።

ወጡ ቀረበ። እማዬ ያላትን ቅቤ ሁሉ ከታዋለች፤ መዓዛው መንገድ ድረስ ይጣራል። እንግዶቹ ከዳር ከዳር ሲቆነጥሩ ሰውየው እጁን ወደ መሀል ላከና ፈረሰኛውን አነሳ። ፈረሰኛ ማንም ቤት የአባወራው ነው። አባወራ ከቤት ቢወጣ እንኳ ተሸፍኖ ይቀመጥለታል፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሱ አባወራውን ከቤቱ ካስወጣ በኋላ የአባወራውን ብልት በላ። አጥንቱን ሲመጥ የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቅቤው በእጁ ጀርባ እየተንቆረቆረ ሰዓቱ ሥር ሲገባ በምላሱ ተከተለው።

ጥያቄው ተጀመረ። ልጅቷ በትሕትና ነበር የምትጠይቀው። ኑሮ እንዴት ነው? እግዚአብሔር ይመስገን አለች እማዬ። ገቢያችሁስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ሥጋ ትበላላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ታድርግ፤ እንግዳ ሲጠይቅ የሚመለሰው ይኸው ነው፤ እየሞትክ ቢሆንም ይኸው ነው። ልጅቷ ግን እግዚአብሔር ይመስገንን የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትም። ቁጥር ትፈልጋለች። ቁጥሩን ጓድ ሊቀመንበር ከጎን እያኘከ ሰጣት። ይኼን ያህል በይ፤ ሥጋ በየሳምንቱ በይ፤ ይኸው እያየሽው አይደል። አባወራውስ የት አሉ ስትል፣ ገበያ ነው፣ ሥራ የበዛበት ሸማኔ ነው አላት።

ይኼኔ ግድግዳው ሳለ።

እንደዚያ ነው የመሰለኝ፤ ጭቃው ራሱ የሳለ። ልጅቷ ብዕሯን ያዝ አድርጋ ቀና አለች። «ጎረቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አለች እማዬን እያየች።

ሰውየው ማኘኩን አቆመ። እማዬ እሱን አየች፤ ልጅቷን አየች። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አዎን» አለች እማዬ። «የጎረቤት ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ድምፅ አላሰማም። ኋላ እትዬ ወርቅነሽ እንደነገረችን የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ነው የቆየው፤ ዓይኑ ደም እስኪመስል። ወዲህ በኩል ልጅቷ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ደማመረችና፣ እንግዲህ መካከለኛ ናቸው ማለት ነው አለች። ሰውየው እጁን ለመታጠብ ወደ እኔ ዘረጋ። «መካከለኛ ብለሽ ጻፊ» አለ። ውሃውን ሳፈስለት ጣቶቹን አንድ ባንድ አሸ፤ ስቡ ውሃው ላይ ቀይ ሆኖ ተንሳፈፈ። ያንን ውሃ ወስጄ የደፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደሮ ወጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ልጆቼ በየዓመት በዓሉ ጨጓራ ነው ይላሉ፤ ይበሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ አባዬን መለስነው። እማዬ ከሰውየው ዓይን የደበቀቻት አንዲት ክንፍና ጥቂት መረቅ ነበረቻት። በእጇ አቅርባ ጎንበስ ብላ ልታጎርሰው ስትል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤት» አላት። «የጎረቤት ሰው ነኝ። ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት።»

ቀልዱ ነበር። አባዬ ሲከፋው ይቀልድ ነበር። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ያቺ ክንፍ እዚያው ሳህኑ ላይ አደረች፣ ጠዋት ጉንዳን ወሮባት አገኘናት።

በማግስቱ እማዬን ተከትዬ ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ሊቀመንበር ክብሪት እንጨት በጥርሱ ይዞ ሰው ፊት ተቀምጧል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወረቀቱን ጠየቀች። እሱም ድምፁን ሰው እንዲሰማው ከፍ አድርጎ፣ ትናንት በመንግሥት ሰዎች ፊት መካከለኛ ተብለሽ ተጽፈሽ ዛሬ ድሃ ብዬ ላትምልሽ፣ ልታሳስሪኝ ነው አላት። እማዬ ጠጋ ብላ ቃሉን አስታወሰችው። ክብሪቱን ካፉ አወጣና ሳቀ።

«እንደዚያ ያለ ወጥ የምትሠራ ሴት ድሃ ነኝ ብትል ማን ያምናታል?»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። የሚስቁት ፈርተውት ነው፤ የእነሱም ወረቀት እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። እማዬ እጄን ይዛ ዞረች። ወጥተን ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረድን ግንብ ተደግፋ አስመለሳት። ከጉሊቷ ያየችን እትዬ ወርቅነሽ ሮጣ መጥታ ግንባሯን ያዘችላት። በሆዷ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ደሮ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ውሃ ብቻ ነው የወጣት። የወጣት ግን የሌላ ሰው ምሳ ይመስለኝ ነበር።

የሽመናው ዕቃ በዚያው ሰሞን ተሸጠ። ገዥው ሲመጣ ድሩ ላይ ያላለቀ ኩታ ነበር፤ አባዬ ይህቺን እንኳ ልጨርሳት ብሎ ለመነው፣ ገዥውም ደግ ነበርና እሺ አለ። አባዬ ግን ጉድጓዷ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ድሩ ተቆረጠ። ያ ገንዘብ መድኃኒት ሆነ፤ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ ተሻለው፣ ሲያልቅ ሳሉ ተመለሰ። አደይ ሳይፈነዳ ቀበርነው። እማዬ ከዚያ በኋላ ለሰው በቀን ትፈትል ነበር፤ እኔም ሰው ቤት ገባሁ። ትምህርት ቤት ያልገባሁት ለዚህ ነው አልልም፣ ቀድሞም አልተላክሁም። ይቺን የምጽፍባትን ፊደል የለቀምኳት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው።

እና ይኸውላችሁ፣ ልጅቷ ያሳየችኝ መስመር የግራ ጫፍ ላይ እኛ አለን። ሽመናችንን ሳይቀር ባጣንበት ወር መካከለኛ ተብለን ተቀምጠናል። አንድ ቤት ምን ያጎድላል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን የኛ ሰፈር ብርጭቆ በስንት ቤት እንደሚዞር እኔ አውቃለሁ። ድህነትን አልጸየፈውም፤ አብሬው ኖሬያለሁ፣ ገላውን አጥቤዋለሁ። የሚያቅለሸልሸኝ በሰው ችግር ላይ ተቀምጦ አጥንት መምጠጥ ነው። ያ ሰው ሽልማት ተቀብሎ በሰላም አርጅቶ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው በዝቶ ነበር አሉ፤ እኔ አልሄድኩም።

ሕይወትን ተቀመጪ አልኳትና ለልጅቷ ራሴ መለስኩላት። ትናንት ምን በላችሁ? ሽሮ። ከትናንት ወዲያስ? ያው ሽሮ። ሥጋ? ለፋሲካ። ልጄ ሹፌር ነው፤ ወር ሳይሞላ ያልቅብናል፣ ከሰው እንበደራለን አልኳት። ሕይወት ደም መሰለች።  ልጅቷ ግን ጣቷን እያስኬደች ሁሉንም ጻፈች።

በመጨረሻው ላይ እንዲህ ስትል አነበበች፦ «ከቤተሰቡ አባላት መካከል ታሞ በገንዘብ ማጣት ምክንያት ሳይታከም የቀረ ሰው አለ?»

 ያን ቀን ማንም ያልጠየቀን ይኸ ነበር። እማዬ እንዲህ ብለው ቢጠይቋት ምን ትል ነበር እያልኩ ስንት ዘመን አስቤያለሁ።

«አለ» አልኳት። «አባቴ።»

ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ መቼ ነው እናቴ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቅድም እንዳልኳችሁ ጥሩ ልጅ ናት።

«በጣም አዝናለሁ እናቴ» አለች። «ግን የምንጠይቀው ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ ነው።»

«እንግዲያውስ የለም በይ» አልኳት።

የለም ብላ ጻፈችና ጣሪያችን ቆርቆሮ መሆኑን ጠየቀችኝ።